የማታሞሮስ ስም ከየት እንደመጣ

ውድ ልጄ ኢዩኤል፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። የእጅህ ጀሶ መፈታቱን አቶ ክንፈ ነግሮኛል፤ ስለ ጤናህ ከዚህ በላይ መስማት አልፈልግም። እጅህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ በሙቀጫ ዘነዘና። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ያልደወልኩልህ በስልክ ድምፅህ የአባትህ ስለሆነ ነው። ያን ድምፅ ስሰማ እስካሁን ድረስ ክንዴ ሳላዘው ተነስቶ ፊቴን ይሸፍናል። አባትህ ከሞተ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ክንዴ ግን አልሰማም።

አማርኛ ማንበብ ያቅትሃል ብዬ አልሰጋም። ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው። አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ወደ አርባ እየተጠጋሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየችው አዳራሽ አደርስህና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሕፃናቱ ጋር ሀ ሁ እል ነበር። ታፍርብኝ ነበር። "ማማ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል" ትለኛለህ። ይኸው ቀስ ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቴርሚን፣ ያው ቀጠሮ፣ አለን፤ አንተ በተከሳሽነት፣ እኔ በምስክርነት። እናት ስለሆንኩ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ጽፈውልኛል። "አልናገርም" ካልኩ የሚያስገድደኝ የለም። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ሽማግሌ የላክህብኝም ለዚህ ነው። ሚስትህን ሚልካን ስትመታት ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም። ልጃችሁ ሊዋም ገና አራት ዓመቷ ነው፣ እሷን ችሎት ፊት የሚያቆማት የለም። እኔ ዝም ካልኩ "ራሷ ወድቃ ነው" ትላለህ፣ እነሱም የሁለት ሰው ቃል ይዘው ማንን እንደሚያምኑ ይቸግራቸዋል፣ አንተም ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ሚልካም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከማክሰኞ በፊት ግን ስለ ስምህ የምነግርህ አለ። ፖሊሶቹ ደረጃውን ሲያወርዱህ ዞር ብለህ፣ "በደሜ ያለ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ! ማታሞሮስ ነኝ!" ብለህ ጮህክ። በጀርመንኛ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ያቺ ወጣት ፖሊስ ምን ማለቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ።  መልሱ ለእሷ ሳይሆን ለአንተ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሞላህ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሄደህ ክንድህን ተነቅሰህ የመጣህ ቀን ትዝ ይለኛል። ገና እንደገባህ እጅጌህን ሰብስበህ አሳየኸኝ። ሰይፍ የመዘዘ ፈረሰኛ፣ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ጥምጥም ያሰረ ሰው የተቆረጠ ራስ፣ ከሥሩ ደግሞ የአባትህ ቤት ስም። "ገዳይ ማለት እኮ ነው፣ ማማ። ሙር ገዳይ። ከባሕር ማዶ የመጡትን ጥቁሮችና እስላሞች የፈጁ ሰዎች ነበሩ፣ ለዚህ ነው ስሙ የተሰጣቸው" አልከኝ። እኔ እንደማላውቅ። የተረገጠውን ሰውዬ ፊት ግን አይተኸዋል? ሠዓሊው ቀለም አልቀባውም፣ የራስህን ቆዳ ነው የተወለት።

እኔ ስሙን የሰማሁት አንተ ሳትወለድ ነው። በሱዳን በኩል መጥቼ ፍራንክፈርት ግሪስሃይም ሰፈር አንድ ፋብሪካ ካንቲን ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። አባትህ ከብረት ማቅለጫው ክፍል ፊቱ በጥላሸት ተለውሶ ይመጣና ሾርባውን ሲቀበል ያሾፍብኛል። አንድ ቀን ደረቱ ላይ የተሰፋውን ስሙን በጣቱ እየነካ፣ "ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝና ጣቱን በጉሮሮው ላይ ሳበው። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመና ሳቀ። "እንዳንቺ ዓይነቶቹን ነበር የምናርደው" አለኝ።

ሌላ አገር የተወለደች ሴት ብትሆን እዚያው ሾርባውን ፊቱ ላይ ደፍታበት ትሄድ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። በእኛ ቤት ገዳይ ማለት ስድብ አይደለም። አባቴ ድንበር የገፋበትን ሰው ገድሎ የመጣ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ፣ አናቱ ላይ ቅቤ አደረጉለት፣ ወንዶቹ ፎከሩለት። የሟቹ እናት ከወንዙ ማዶ ስትጮህ ይሰማን ነበር፤ የእኛ ሰዎች እሷ እንዳትሰማ ይበልጥ ጮክ አድርገው ዘፈኑ። ከዚያ በኋላ ውሃ ልቀዳ ስወርድ "የገዳይ ልጅ መጣች" ብለው ተራ ይለቁልኝ ነበር። እና ይሄ ቀይ ሰውዬ "የገዳይ ዘር ነኝ" ሲለኝ ሰው አገኘሁ አልኩ። አገሩ ሌላ፣ ወጉ አንድ መሰለኝ።

ስንጋባ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት የቤተሰብ ስም ጠየቀችን። በእኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትይዝም። በእሱ አገር በእስፔንም አትይዝም። ሁለታችንም የማናውቀውን ነገር የሦስተኛ አገር ሰው ስትጠይቀን ተያየን፣ አባትህም "የእኔ" አለ። እኔም በደስታ ፈረምኩ። ፈረምኩ ስል፣ ያኔ ጣቴን ነው ቀለም ውስጥ የነከርኩት።

የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመስኩት የሰርጌ ልብስ ገና ከበሩ ኋላ ሳይነሳ ነው። ጥፊው ወደ ጡጫ፣ ጡጫው ወደ ቀበቶ ሄደ። አንድ ጊዜ መዳፌን ይዞ የጋለ ምድጃ ላይ አስቀምጦ ተጫነኝ፣ ቆዳዬ ብረቱ ላይ ቀረ። ጋሉስ ሰፈር በነበረው የመጀመሪያ ቤታችን ግድግዳው ስስ ነበር። ጠቡ ሲጀመር አንተ ሄደህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምር ነበር፤ አምስት ዓመትህ ነበር። ጎረቤታችን ግድግዳውን ትደበድብ ነበር። የምትደበድበው ቴሌቪዥኑ ረበሸኝ ብላ ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር በመኪና ወደ እስፔን እንወርድ ነበር፣ የመንደሩ መዋኛ ትዝ ይልሃል። ደረቅ አገር ነው፤ ድንጋይ፣ የወይራ ዛፍ፣ አሳማ። በሐምሌ ውስጥ ሙር ገዳይ የሚሉትን የቅዱሳቸውን በዓል ያከብራሉ፣ ያንን ክንድህ ላይ ያለውን ፈረሰኛ ከእንጨት ቀርጸው በትከሻ ተሸክመው ያዞሩታል። ስድስት ዓመትህ በነበረ ጊዜ በዚያ በዓል የአባትህ የአጎት ልጆች ግቢያችን ውስጥ ሲጠጡ ዋሉ። አንደኛው እኔን አየና፣ "ቪሴንቴ፣ ምን ዓይነት ማታሞሮስ ነህ? አንዷን ከነሕይወቷ ይዘህ መጣህ!" አለ። ሳቁ። አባትህም ሳቀ። እኔ ያኔ ለመሳደብ የሚበቃ እስፓኝኛ ነበረኝ። "እሱ መግደል የሚችለው የቢራ ጠርሙስ ብቻ ነው" አልኳቸው። ይበልጥ ሳቁ፣ አሁን ግን የሳቁት በእሱ ነው።

ቀበቶውን ፈታ። ዘለበቱ ያለበትን ጫፍ ወደ ውጭ አድርጎ መታኝ፤ ግንባሬ ተከፈተ፣ ዓይኔ በደም ተሞላ፣ ወደቅሁ፣ ወድቄም አልተወኝም። የመጨረሻዎቹን በጫማው ነው። ከወንዶቹ አንዱ እንኳ ብርጭቆውን አላስቀመጠም። ሰልፉ በዚያው ሰዓት በደጃችን እያለፈ ስለነበር ከበሮው ይሰማኝ ነበር።

ጎትታ ወደ ውስጥ ያስገባችኝ የአባትህ አጎት ሚስት ሬሜዲዮስ ናት፣ ያቺ ጥቁር ለባሿ አሮጊት። ግንባሬን በኮምጣጤ አጠበችኝ፣ ደሙ ሲቆም አገጬን ያዘችና፣ "የምነግርሽን ለምራት እንነግራለን እንጂ ለወንዶቹ አንነግርም" አለችኝ። አማቷ ነግራታለች፣ የአማቷም አማት እንዲሁ። እንዲህ ነው የነገረችኝ።

በድሮ ዘመን በደቡብ ተራሮች የሚኖሩ ሙሮች በግድ ተጠምቀው፣ ቋንቋቸው ተከልክሎ ሲመርራቸው ተነሱ። ንጉሡ ጦር ላከ። ከዚህ መንደር አንድ የጦር አለቃ ዘመተ፣ ስሙ ማታሞሮስ ነበር። ስሙ እውነት ነው፣ ገዳይ ነበር። አንድ ተራራ ላይ ያለ መንደር ይዞ ወንዶቹን መስጊዳቸው ውስጥ ዘጋባቸው፣ አንድ በአንድ እያወጣ አሳረዳቸው። ሬሳ ሲያገላብጡ ከአንዱ ሥር አንድ ልጅ አገኙ፤ አባቱ በላዩ ላይ ወድቆበት ተርፏል። አለቃው ልጁን በኮርቻው ገመድ አስሮ እዚህ ድረስ አመጣው። መንገዱን በእግሩ ሮጠ፣ ሲወድቅም ተጎተተ። ቄሱ እንደገና ሊያጠምቀው "ስሙን ማን እንበለው?" ሲል አለቃው ሳቀና፣ "የእኔን ስጡት፣ ማን እንደገዛው እንዳይረሳ" አለ። አሳማ ጠባቂ አደረገው። አሳማ አልበላም ባለ ጊዜ አፉን በእንጨት ከፍተው አበሉት፣ ጥርሶቹ የረገፉት ያኔ ነው።

የአለቃው ልጆች ወርቅ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው በዚያው አለቁ። እሱም ያለ ወራሽ ሞተ። አሳማ ጠባቂው ግን አገባ፣ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ። "በዚህ መንደር ማታሞሮስ የሚባል ሁሉ የዚያ ልጅ ዘር ነው" አለችኝ ሬሜዲዮስ። "ያን የእንጨት ፈረሰኛ የሚሸከሙት ጅሎች ሁሉ። የገዳዩ አይደለንም ልጄ፣ የታረደው ሰውዬ ነን።"

"ለወንዶቹ ለምን አትነግሯቸውም?" አልኳት።

"ነግረናቸው ነበር" አለች። "ስንነግራቸው ይመቱናል።"

እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ማስረጃ የላትም፣ እኔም የለኝም። እኔ የማውቀው ፍራንክፈርት ተመልሰን አንድ ምሽት አባትህ ስለ ዘሩ ሲፎክር ይህንኑ ብነግረው የፊት ጥርሶቼን በጡጫ እንዳወለቀልኝ ነው። አንተን ከደረጃ ወደቅሁ ብዬህ ነበር። ከደረጃ አልወደቅሁም። የስሙን ታሪክ ስለነገርኩት ነው።

ከዚያ በኋላ ለማንም አልተነፈስኩም። ሲሞትም አላለቀስኩም፣ አንተ አለቀስክ። ስሙን የበለጠ የወደድከውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ሚልካን ወደመታህበት እሁድ ልምጣ። ምሳ በልተን ሳህኑ ገና አልተነሳም። ሚልካ በቀስታ ነው የተናገረችህ፤ ሊዋም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የተቆረጠ ራስ ብቻ እየሣለች መምህሯ ሚልካን ለምን ብላ ስለጠየቀቻት፣ "ልታመጣት ስትሄድ ረጅም እጅጌ ያለው ልበስ፣ እባክህ" አለችህ። በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው።

"በስሜ ታፍሪያለሽ?" አልካት።

"በስምህ አላልኩም፣ ልጅቷ ፈርታ ነው..."

ፀጉሯን በእጅህ ጠቅልለህ ራሷን ከማሞቂያው ብረት ጋር አጋጨኸው። ድምፁ እንደ ደወል ነበር። ደገምከው። ሊዋም ከወንበሩ ወርዳ ወደ ሳሎን ሄደች፤ ወዴት እንደምትሄድ አየሁ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው ያነሳችው። ያኔ ነው ዘነዘናውን የያዝኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳት ክንድህን መታሁ፣ አጥንቱ ሲሰበር በእንጨቱ በኩል እጄ ድረስ ተሰማኝ። "ማማ! እጄን!" አልክ። እጅህን ነው ያልከው። እሷ ወለሉ ላይ ነበረች፣ ጆሮዋ ውስጥ ደም ነበር። ስልኩን አንስቼ "ልጄ ሚስቱን ሊገድል ነው" አልኩ፣ አድራሻችንን ተናገርኩ። አልተንተባተብኩም።

ሽማግሌዎችህ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አቶ ሰይፈ ገብርኤል ከዘራቸውን ይዘው ከፊት፣ ክንፈ ከኋላ። ግቡ አልኩ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ።

"አንቀመጥም" አሉ አቶ ሰይፈ። "እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"መጀመሪያ እሺ በይን።"

"እንግዲያውስ ቁሙ" አልኳቸውና እኔ ተቀመጥኩ።

ቆሙ። አቶ ሰይፈ በወጣትነታቸው አብዮተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፣ መቆም ያውቁበታል። ክንፈ ግን ሁለት ጉልበቱን የተቀየረ ነው። "እትዬ የወርቅውሃ፣ እባክዎ ቶሎ እሺ ይበሉን" አለኝ። "ይሄ ጉልበት የጀርመን ብረት ነው፣ ጋራንቲው አልቋል።"

"ቁም አንተ" አሉት አቶ ሰይፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጁ ቁጡ ነው፣ አንክድም። ግን ከየት ያምጣው? በአባቱ ቤት ገዳይ፣ በእናቱ ቤት ገዳይ። አባትሽን አገር ያውቃቸዋል። የጀግና ዘር ሲቆጣ ሚስት ታበርደዋለች እንጂ ፖሊስ ትጠራበታለች?"

"ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ።"

"እሱማ ስህተት ነው። ስህተት ደግሞ ይታረማል። ማክሰኞ ዝም ትያለሽ፣ በቃ፣ ሌላውን እኛ እናስታርቃለን። እናት በልጇ ላይ ስትመሰክር የት ታይቷል?"

"ልጅ እናቱ ማዕድ ላይ ሚስቱን ሲገድልስ የት ታይቷል?"

"ኧረ አልሞተችም እኮ! ምነው የወርቅውሃ!"

ሚልካ ወጥ ቤት ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር። ወጣች። ሐኪሞቹ በአንድ ወገን ፀጉሯን ላጭተዋታል፣ ስፌቱ ከጆሮዋ በላይ ተጋድሟል፣ በዚያ ጆሮዋ እስካሁን አትሰማም። ወደ ሰሚው ጆሮዋ አዘንብላ ቆመችና ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሞትኩም" አለቻቸው።

ክንፈ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። አቶ ሰይፈ ከዘራቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩና "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ወጡ። ክንፈ ደረጃው ላይ እየወረደ እጅህ መዳኑን የነገረኝ ያኔ ነው፣ የምጠይቀው መስሎት።

ሲሄዱ የሬሜዲዮስን ታሪክ ለሚልካ ነገርኳት። ምራቴ ናት፣ ወጉም እንዲሁ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ታሪክ ማክሰኞ ለዳኛዋ ልነግራት አስቤ ነበር። ልጄ ያልሆነውን ነኝ እያለ፣ የሌለ ደም እየቆጠረ ነው እንዲህ የሆነው ልላት ነበር። ሊራሩልህ ይችሉ ይሆናል ብዬ ነው፤ እናት ነኝና። ስጨርስ ሚልካ ሻሿን አስተካከለች።

"እማማ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ከገዳይም ይወለድ ከሟች፣ ራሴን ብረቱ ላይ የመታው ኢዩኤል ነው። ያ አለቃ አይደለም።"

 ስንት ዘመን በጥርሴ ከፍዬ የያዝኩት ታሪክ ነበር፣ እሷ በሁለት ቃል ጠረገችው። ደግሞም ልክ ናት። የገዳይ ዘር ነኝ ብለህ መታህ። የታረደው ሰው ዘር መሆንህን ብታውቅ ኖሮ የአያቶቼ በደል ነው ብለህ ትመታ ነበር። ሰበብ ለሚፈልግ እጅ ሰበብ አይጠፋም። አባቴም ድንበሬን ገፋብኝ ነበር ያለው።

ስለዚህ ታሪኩን እዚህ ጻፍኩልህ፤ ያንተ ነው፣ የፈለግኸውን አድርገው። ማክሰኞ ግን አንድም ቃል ስለ ስም አልናገርም። ስለ አባትህም፣ ስለ አባቴም አልናገርም። አስተርጓሚ አልፈልግም ብያለሁ፣ በራሴ ጀርመንኛ እናገራለሁ። ዳኛዋ "እናት ነዎት፣ ዝም ማለት ይችላሉ" ስትለኝ "አውቃለሁ" እላታለሁ። ከዚያ ፀጉሯን እንዴት እንደጠቀለልከው፣ ራሷ ብረቱን ሲመታ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው፣ ልጅህ ወዴት እንደሄደች እነግራታለሁ። ያየሁትን ብቻ፣ ያየሁትንም ሁሉ።

ቢያስሩህ እመጣለሁ። በሚፈቅዱት ቀን ሁሉ እመጣለሁ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ፣ ማውራት ካልፈለግህም ዝም ብለን እንተያያለን። ቢለቁህ ግን ደጄን አታንኳኳ። ሚልካና ሊዋም ከእኔ ጋር ናቸው፣ እኔም ገና ጉልበት አለኝ።

የወለደችህ፣
የወርቅውሃ